ሬሳው ያንኮራፋበት ቴአትር

ኪልታራ፣ ማርች 22 ቀን 1976

ይድረስ ለአቶ ፊንታን ላፈርቲ፣ ኮርክ

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብላ እናቴ ስላስተማረችኝ ሰላም ለእርስዎ ይሁን ብያለሁ። ሰላምታው እዚህ ላይ አበቃ።

የኪልታራ ቴአትር ቡድን አዘጋጅ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ በባሊናሎክ ፌስቲቫል ያንን የለቅሶ ቤት ቴአትር ያሳየነው እኛ ነን። ብዙ ቡድን ስላዩ ረስተውን ይሆናል፤ ሬሳው ያንኮራፋበት ቡድን ብል ግን እንደሚያስታውሱን አልጠራጠርም።

ስለ ማንኮራፋቱ ላስረዳዎ። ሬሳ የሆነው ማቲ ጆ በግ አርቢ ነው። ማርች ደግሞ በግ የሚወልድበት ወር ነው፤ ሰውዬው ሦስት ሌሊት ሙሉ ሲያዋልድ ነው ያደረው። ጠረጴዛ ላይ አጋድመን፣ አንሶላ አልብሰን፣ ግራና ቀኝ ሻማ አብርተን "ዓይንህን ጨፍን" ስንለው የምን መጨፈን፣ ጭልጥ ብሎ ተኛ። ሚስቱ ሆና የምትጫወተው ቴሬዛ "ወይኔ፣ ድምፁን ዳግመኛ ላልሰማው!" ብላ ስትጮህ እሱ አንኮራፋ። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ሆነ። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ የምገባበት ጠፋኝ።

ከዚያ እንደ ደንቡ መጋረጃው ሲዘጋ እርስዎ መድረክ ላይ ወጡ። ሰው ሁሉ ከወንበሩ ሳይነሳ የዳኛውን ቃል ይጠብቃል። "በዚህ ቤት ውስጥ በሕይወት ያለው ሬሳው ብቻ ነው" አሉ። ይሁን፤ በሌላ ቡድን ላይ ቢባል እኔም እስቅ ነበር። ቀጥለው ግን "ሌሎቹ ሁሉ በትእዛዝ ያለቅሳሉ፤ አዘጋጇ ለቅሶ ቤት ገብታ የምታውቅ አይመስለኝም" አሉ።

አቶ ላፈርቲ፣ ባሌን ኦወንን ከቀበርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በእኛ መንደር ሬሳ ከቤት እስኪወጣ ጎረቤት ተሰብስቦ አብሮት ያድራል። ኦወንም የተጋደመው መድረኩ ላይ ባዩት ጠረጴዛ ነበር። የገዛ ቤቴ ጠረጴዛ ነው፤ በማቲ ጆ ትራክተር ጭነን ያመጣነው። ስለ ለቅሶ ቤት እኔን ሊያስተምሩ አይሞክሩ።

ዳኛ ፌስቲቫሉ እስኪዘጋ ከማንኛውም ቡድን ጋር ሻይ እንዳይጠጣ የሚከለክለው ደንብ ለምን እንደወጣ አሁን ገባኝ። ለዳኛው ደኅንነት ነው። ያን ዕለት ሻይ ቀርቦልዎ ቢሆን ኖሮ የት ላይ እንደሚፈስ እኔ አውቃለሁ።

ደርቭላ ኮይን


ኮርክ፣ ማርች 31 ቀን 1976

ለተከበሩ ወይዘሮ ኮይን

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በመጀመሪያ ተቆጣሁ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ ሻዩ ጋ ስደርስ ደግሞ ብቻዬን ሳቅሁ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። "ለቅሶ ቤት ገብታ የምታውቅ አይመስለኝም" ማለቴ ከዳኛ አፍ መውጣት የሌለበት ነገር ነበር። ያየሁት ቴአትርዎን እንጂ ኑሮዎን አይደለም። ለዚህ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ፒያኖ ቃኚ ስለሆንኩ መንበርከክ አይከብደኝም፣ ቀኑን የማሳልፈው በጉልበቴ ነው።

ፍርዱን ግን አላነሳም። እንዳይቆጡኝ፤ ወይም ይቆጡኝና ልቀጥል። እኔም እናቴን ቀብሬአለሁ። በዚያ ሌሊት አጎቴ ያወራው ወሬ ጥርስ የሚያስከድን አልነበረም። በእርስዎ መድረክ ላይ ግን አንድ ሰው እንኳ ካርታ አልተጫወተም፣ አንድ ሰው ስለ ሟቹ ቀልድ አላወራም። ሁሉም እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሞ ያለቅሳል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ካልፈለጉ አይመልሱልኝ። ኦወን በተጋደመበት ሌሊት የሳቀ ሰው አልነበረም?

ለማቲ ጆ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። በጎቹ በሰላም ተገላገሉ?

አክባሪዎ
ፊንታን ላፈርቲ


ኪልታራ፣ ሜይ 2 ቀን 1976

ለአቶ ላፈርቲ

ለአንድ ወር ዝም ያልኩት አኩርፌ አይደለም። ማለቴ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት አኩርፌ ነበር።

አዎ፣ ሳቁ። እስኪነጋ ሳቁ። ኦወን አንድ ጊዜ ከገበያ ሲመለስ በጭጋግ ተሳስቶ የጎረቤት ቤት ገብቶ ነበር። አምፖሉ ተቃጥሎ ቤቱ ጨለምለም ብሏል፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ የቀረበውን ራት ጥርግ አድርጎ በላ፣ ሴትየዋን "ዛሬስ ጨው አንሶታል" ብሎ ወቀሳት። የማን ቤት እንደገባ የገባው ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ "የኔስ ራት የታል?" ሲል ነው። ይህንን ማቲ ጆ ሬሳው አጠገብ ቆሞ፣ የኦወንን ድምፅ እያስመሰለ አወራው። ቄሱ ሳይቀሩ እንባቸውን ጠረጉ።

እኔ ወደ ጓዳ ገባሁና በሩን ዘግቼ ሳቅሁ። ሳቁ አልቆም ሲለኝ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ። "አንቺ ሴትዮ፣ የባልሽ ሬሳ ሳይወጣ!" ብዬ ራሴን ረገምኩ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሌሊት የማስታውሰው ማልቀሴን ብቻ እንዲሆን ስጥር ኖሬአለሁ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ያውም ሻይ ልደፋበት ለነበረ ሰው ለምን እንደነገርኩ እኔም አላውቅም።

ትናንት ቡድኑ ለመጪው ዓመት ምን እንጫወት ብሎ ተሰብስቦ ነበር። "ያንኑ፣ ግን እንደ አዲስ ጽፈነው" አልኩ። ማቲ ጆ "ምነው ሴትዮ፣ ሁለተኛ ልትገድዪኝ ነው?" አለ።

"አዎ፤ አሁን ግን በደንብ ነው የምትሞተው" አልኩት።

በጎቹ በሰላም ተገላግለዋል፤ ስለጠየቁ ማቲ ጆ ደስ ብሎታል። ከዳኞች ሁሉ ስለ በጎቹ የጠየቀው እርስዎ ብቻ ነዎት ይላል።

ደርቭላ ኮይን


ኮርክ፣ ኖቬምበር 28 ቀን 1976

ውድ ደርቭላ

ደኅና ነሽ ወይ? "እርስዎ" መባባሉ ይብቃን ስላልሽ እሺ ብያለሁ፤ እጄ እስኪለምድ ግን ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ።

ባለፈው ለምን ሳታገባ ቀረህ ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ ረጅም አይደለም። ቀን ሰው ቤት ገብቼ ፒያኖ ቃኝቼ እወጣለሁ፤ ማታ ሰው አዳራሽ ገብቼ ፍርድ ሰጥቼ እወጣለሁ። መግባትና መውጣት ስለምድ፣ መቀመጥ ሳልማር ሃምሳ አንድ ዓመት ሞላኝ። ሚስት ደግሞ መቀመጥ ይጠይቃል መሰለኝ። ካጠፋሁ አርሚኝ፤ አንቺ ነሽ የምታውቂው።

የገና በዓል ሳይደርስ ልምጣ ብዬ ስጽፍልሽ "ቴአትሩ በእግሩ ሳይቆም ፊትህን ማየት አልፈልግም" አልሽኝ። ቅር አለኝ፣ ግን ገባኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ተቀምጠን አውርተን አናውቅም እኮ! ያን ዕለት ከመድረኩ ስወርድ ከመጋረጃ ጀርባ ቀይ ሹራብ የለበሰች፣ ዓይኗ እሳት የሚተፋ ሴት አየሁ። አንቺ እንደሆንሽ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ጀምሮ ስጽፍልሽ የምትታየኝ እሷ ናት።

ለመጪው ዓመት የባሊናሎክ ዳኛ ሌላ ሰው ተመርጧል። እኔ ትኬቴን ቆርጬ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ሲያልቅ ሻይ ትሰጪኛለሽ። የሚከለክለን ደንብ የለም።

ያንቺው
ፊንታን


ኪልታራ፣ ጃንዩወሪ 6 ቀን 1977

ፊንታን

ለጥያቄህ ሁሉ አሁንም መልሴ "ከቴአትሩ በኋላ" ነው። ለሁሉም።

ቀይ ሹራብ የለበሰችው የአዳራሹ ሻይ አፍይ ወይዘሮ ኩዊን ናት። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ዓይኗ እሳት የሚተፋው ስኒ ስለምትሰርቁባት ነው። እኔ ከእሷ ኋላ ግራጫ ካፖርት ለብሼ የቆምኩት ነኝ። ዓመት ሊሞላን ነው፣ ለወይዘሮ ኩዊን ስትጽፍ ከረምክ ማለት ነው! ለቡድኑ ብነግራቸው ልምምዱ ለግማሽ ሰዓት ቆመ፤ ማቲ ጆ ከጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

መልካም አዲስ ዓመት። ሳልዋሽህ፣ ደብዳቤህ ሳይመጣ የቀረበት ሳምንት ይረዝምብኛል።

ደርቭላ (ግራጫዋ)


ኮርክ፣ ፌብሩወሪ 20 ቀን 1977

ውድ ደርቭላ

ይህን ደብዳቤ እንዴት እንደምጀምረው ጨንቆኛል። ለባሊናሎክ የተመረጠው ዳኛ በረዶ አንሸራቶት እግሩን ተሰበረ። የፌስቲቫሉ ሊቀመንበር ወይዘሮ ጊልማርቲን ስልክ ደውላ "ድረስልን፣ ከአንተ ሌላ ሰው የለንም" ስትለኝ እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ነው ነገሩ የመጣልኝ።

መልሼ ደወልኩላትና ከኪልታራ አዘጋጅ ጋር እንደምንጻጻፍ ነገርኳት። "እንጻጻፋለን" ነው ያልኩት፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም። እሷም ለሌሎቹ ቡድኖች በሙሉ ደውላ የሚቃወም ካለ ጠየቀች። አንደኛው አዘጋጅ "ኪልታራን ያለአግባብ አንደኛ ቢያደርጋቸው እሱንም እነሱንም ሐይቅ እንከታቸዋለን፤ ከዚያ ውጭ ችግር የለብንም" አለ። ሌላዋ ደግሞ "ኪልታራ በአስራ አንድ ዓመት አንድ ዋንጫ ነክተው አያውቁም፤ ፍቅር ይህን ያህል ጉልበት ካለው ማየት እንፈልጋለን" አለች አሉ። ቃሉን ያመጣችው እሷ ናት።

ማንም አልተቃወመም። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ይህን ቴአትር ለምን እንደ አዲስ እንደሠራሽው ከማንም በላይ አውቃለሁ። ተው ካልሽኝ ነገውኑ እተወዋለሁ። ግባበት ካልሽኝ ግን ከመልስሽ ጀምሮ ፌስቲቫሉ እስኪዘጋ መስመር አልጽፍልሽም፣ ብታገኚኝም ሰላም አልልሽም።

ፊንታን


ኪልታራ፣ ፌብሩወሪ 24 ቀን 1977

ፊንታን

ግባበት።

ለቡድኑ ልናዘዝ ብዬ ትናንት ማታ ሰበሰብኳቸው። "አንድ የምነግራችሁ ነገር አለ" ከማለቴ ቴሬዛ "ስለ ዳኛው ከሆነ ቶሎ በይ፣ ልምምድ እንጀምር" አለችኝ። ቴሬዛ የመንደሩ ፖስታ አዳይ ናት እኮ! ያንተን ፖስታ እያውለበለበች ነው ወደ ሱፍ ክር ሱቄ የምትገባው፤ "ዳኛው ጽፏል!" ትላለች፣ ሱፍ የሚገዛ ሰው ይኑር አይኑር። ሚስጥር ይዣለሁ ብዬ ዓመት ሙሉ የተንቀባረርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ስማኝ፤ አልቀልድም። ይህ ቴአትር ሞቷል ያልከው አንተ ነህ። በሕይወት መኖሩን ከአንተ አፍ መስማት እፈልጋለሁ፤ ከኖረ ብቻ። ካልኖረም ባለፈው ዓመት እንዳልከው በሰው ሁሉ ፊት በለው። የሚያስፈራኝ መሸነፍ አይደለም፣ መሸነፍ ለምደናል። የሚያስፈራኝ አሁን የምታውቀኝ ሆነህ፣ እንዳልከፋ ብለህ እንድታባብለኝ ነው። ለኔ ብለህ አንዲት ነጥብ ብትጨምር አውቅብሃለሁ። ያን ጊዜ እንዳትጽፍልኝ። የዋሸኝን ሰው ቀሪውን ነገር ሁሉ እንዴት አምነዋለሁ?

ማቲ ጆ ዘንድሮ በጎቹን ለአክስቱ ልጅ አደራ ሰጥቷል። ቴአትሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ቀንም ሌሊትም እተኛለሁ ብሎ ምሏል።

ከሻዩ ጋር እጠብቅሃለሁ።

ደርቭላ


ዶኔጋል፣ ማርች 28 ቀን 1977

ውዴ ደርቭላ

ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆቴል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ቡድን። ትናንት ማታ መንገድ መግባት ነበረብኝና የምለውን ሳልል ሄድኩ። አንደኛ ነገር፣ የቀነስኩባችሁ ሁለት ነጥቦች ያበሳጩሽ እንደሆነ ልወቅ። ስትስቂ አይቻለሁ፤ ግን አርባ ሰው በከበበው ሳቅ አልተማመንም።

አንቺ እንደምትጫወቺ አላወቅሁም። ቴሬዛን ጆሮ ደግፍ እንደያዛት የነገረኝ የለም፤ ሊነግሩኝም አይችሉም ነበር። መጋረጃው ሲከፈት ሬሳው አጠገብ የቆመችው ሴት አንቺ ነሽ። ግራጫ ካፖርት አላስፈለገኝም፤ ወዲያው አወቅሁሽ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ፤ እንደ ዳኛ መጻፍ ሲገባኝ እንደ ተመልካች ሳቅሁ። ካርታው ሬሳው ደረት ላይ ሲጣል ሳቅሁ፣ የራቱ ወሬ ሲመጣ "ዛሬስ ጨው አንሶታል" የምትለዋን አስቀድሜ እያወቅኋት እንባዬ ወረደ። ባለፈው ዓመት ሞቷል ያልኩት ቤት እስከ ጣሪያው ሕያው ነበር። ይህን መድረክ ላይ ብያለሁ፤ አሁንም እደግመዋለሁ።

ነገር ግን ሚስቲቱ በሳቀች ጊዜ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሳቋን አላየም፣ አልሰማም። ቴአትሩ ሁሉ የሚጠብቀው ያንን ሳቅ ነበር። የድሮምባን ቡድን የሸሸገው ነገር አልነበረም፤ በሁለት ነጥብ ዋንጫው የእነሱ ነው። ወረቀቴን ይዤ ወደ መድረክ ወጣሁ፤ ደብዳቤሽ ባይኖር ኖሮ እውነቱን የማለት ወኔ ይኖረኝ እንደነበር አላውቅም።

ማቲ ጆ የምርጥ ረዳት ተዋናይ ሽልማት ማግኘቱ ቀልድ አይደለም። ሰው ሁሉ በላዩ ላይ እየሳቀ፣ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ አንድ ሰዓት መጋደም ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ሊቀበል ሲወጣ ማይክራፎኑን እንደሚነጥቀኝ ግን አልጠበቅሁም። "እንግዲህ ዳኛውን የሚዳኝ ስለጠፋ እኔ ልዳኝ" ሲል ወይዘሮ ጊልማርቲን ራሷ አጨበጨበች። "ድምፅ፣ ጥሩ ነው፣ በር ድረስ ይሰማል። አቋቋም፣ እንደ አጥር እንጨት። ፍጥነት ግን፣ ጌታው፣ በግ እንኳ በአምስት ወሯ ትወልዳለች! ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ አርግዞ የሚዞር ሰው አይቼ አላውቅም።" አዳራሹን ሰምተሽዋል። እኔ እጅ ነስቼ ማይክራፎኑን ተቀበልኩትና ቀጣዩን ሽልማት ጠራሁ።

ሻዩ ላይም አልሆነልኝም። "ስኳር ስንት ላድርግልህ?" ስትዪኝ "ሁለት" ከማለቴ "ለካ ሁለት መቀነስ ብቻ ሳይሆን መጨመርም ታውቃለህ!" አልሽኝ። ያን ሁሉ ሰው እያየን፣ ወይዘሮ ኩዊን ስኒዋን እየቆጠረች፣ ምን ይጠየቃል?

ስለዚህ ጥያቄዬን በሌላ ወረቀት ጽፌ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለብቻው ያደረግሁት ይህኛውን ማቲ ጆ ካልተነበበልኝ እንደሚል ስለማውቅ ነው።

ያንተ በይኝ አትበይኝ፣ ያንቺው
ፊንታን


ኪልታራ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1977

ፊንታኔ

ገምተሃል፤ ማቲ ጆ ትልቁን ደብዳቤ አስነብቦኛል። "እንደ አጥር እንጨት" የሚለው ጋ ስደርስ አስደገመኝ። ሽልማቱን በግ በረቱ በር ላይ ሰቅሎታል፤ በጎቹ እንዲያከብሩት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሁለቱ ነጥቦች። መንደሩ አልተቀበለህም። ሥጋ ሻጩ አጥንት እንኳ አልሸጥለትም እያለ ይዝታል። ቴሬዛ ፊቷ እንደ ዱባ አብጦ አልጋ ላይ ሆና "እኔ ብሆን ኖሮ እስከ ጆሮዬ ነበር የምስቀው" እያለች ትቆጫለች። እውነቷን ነው።

እኔ ግን ያን ማታ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ። ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ስትናገር እሰማለሁ። ቤቱ ሕያው ነው ስትል ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ፤ ይሄ ሰው እያባበለኝ ቢሆንስ አልኩ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍከው። "ሚስቲቱ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሟቹን የምትወድ ሴት ናት፤ ለመሳቅ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋትም። እጇን ታውርድ" አልክ። ሰው ሁሉ የቴአትር አስተያየት መሰለው። ሬሳው ማቲ ጆ ብቻ፣ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር፣ ክንዴን ያዝ አደረገና "ዋንጫው ሄደ በይ" አለኝ። እኔ አለቀስኩ፤ ሳለቅስ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነው። እጄን አፌ ላይ ማድረጌን ራሴ አላወቅሁም ነበር እኮ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አላየብኝም። አንተ ግን አየህ፣ አይተህም አልሸፈንክልኝም። ዋንጫውን ብትሰጠኝ ይህን ያህል አላምንህም ነበር።

አሁን ወደ ትንሿ ወረቀት። ቴሬዛ ስለታመመች ፖስታውን ያመጣው ወንድሟ ነው፤ ማውለብለብ አያውቅበትም፣ ዝም ብሎ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ሱቁ ሙሉ ነበር። ለወይዘሮ ኩዊን ሱፍ እየመዘንኩ ነበር፤ አዎ፣ ለራሷ ለቀይ ሹራቧ፣ ክርኑ ተቀዶባት። ፖስታውን በጥርሴ ከፍቼ ወረቀቱን ሚዛኑ አጠገብ ዘረጋሁትና ቆሜ አነበብኩት።

እንደ ዳኛ ልፍረድልህ። ጽሑፉ አጭር ነው፣ ግልጽ ነው። ዘግይቷል። ሦስተኛው መስመር ላይ ራስህን ማዋረድህ አላስፈለገም፤ ፒያኖ ቃኚ ሱፍ ሻጭን ሲጠይቅ ምን ይጎድለዋል? ከዚያ በቀር ሙሉ ነጥብ ሰጥቼሃለሁ። መልሱ አዎ ነው። እሑድ ና። መንገዱን ሁሉም ያሳይሃል፣ ሥጋ ሻጩን ብቻ አትጠይቅ።

አንብቤ ስጨርስ ሳቅሁ። ሱቁ እስኪናወጥ፣ በር ላይ ያለው ውሻ እስኪነሳ ሳቅሁ። ሁለቱም እጆቼ ሱፍ ይዘው ሚዛኑ ላይ ነበሩ፤ አፌ ጋ የደረሰ አልነበረም።

"ምን ተገኘ?" አለች ወይዘሮ ኩዊን ደንግጣ።

"ላገባ ነው።"

"ማንን?"

"ሁለት ነጥብ የነሳንን ሰውዬ!" አልኳት።

ደርቭላ